የስልክ ኩባንያ ሻጭ፦ ሂሳብ ሲጎድል ከፋዩ ማነው?

ጅማ ላይ ሥራ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳያጋጥመው አይቀርም። «ታዋቂ የቴሌኮም ድርጅት የሽያጭ ሠራተኞችን መቅጠር ይፈልጋል። ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ። አፋን ኦሮሞና አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር። ዋስ ማቅረብ የሚችል። ደመወዝ በስምምነት፤ ማራኪ ኮሚሽን አለው።» አንዳንዱ አጂፕ አካባቢ ግንብ ላይ ተለጥፎ ይታያል። አንዳንዱ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ተመርቆ ቤት ለተቀመጠ ልጅ ነገሩ ያጓጓል። ወንበር አለው፣ ቲሸርት አለው፣ የኩባንያውን ስም አያት እንኳ ያውቁታል።

ማስታወቂያው የማይናገረው ግን ብዙ ነው። ቀጣሪው በትክክል ማን እንደሆነ አይናገርም። ኮሚሽኑ በምን በምን ምክንያት እንደሚቀር አይናገርም። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ የጎደለው ብር ከማን ኪስ እንደሚወጣማ ጭራሽ አያነሳም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ «ደመወዙ ስንት ነው?» ከሚለው በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ የመጨረሻው ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ቲሸርቱ የማን ነው?

በአገራችን ሞባይል የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ከኅዳር 2003 ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም እያልን የምንጠራው ማለት ነው፤ ለሰፈር ሰው ግን ያው «ቴሌ» ነው። ተፎካካሪ ስላልነበረ ሻጭ ደንበኛ ፍለጋ አይወጣም ነበር። ደንበኛው ራሱ መጥቶ ይሰለፋል።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ጨዋታው ተቀየረ። 09 ብቻ በነበረበት ገበያ 07 ገባ። በሞባይል ገንዘብ በኩል ቴሌብር ግንቦት 2013 ተጀምሮ ነበር፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ደግሞ ነሐሴ 2015 ተከተለ። ስለዚህ የዛሬ ሻጭ ሲም ሸጦ አይገላገልም። ጥቅል ይሸጣል፣ ቀፎ ይሸጣል፣ ሰውን የሞባይል ገንዘብ ያስመዘግባል፣ ብር ያስገባል፣ ብር ያወጣል። ድሮ ካርድ የሚፍቅ ልጅ ዛሬ ግማሽ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆኗል። ደመወዙ ግን አብሮ የባንክ አልሆነም።

እንዲህ ያለ ትልቅ ኩባንያ ሁሉንም በራሱ እጅ አይሸጥም። የራሱ የሽያጭ ማዕከሎች አሉት። ከነሱ ውጭ ያለውን ሥራ ለአከፋፋይና ለወኪል ይሰጣል። አከፋፋዩ በጅምላ ይረከባል፣ ለሱቆች ያወርዳል፣ ሱቆቹ ለደንበኛ ይሸጣሉ። በየደረጃው ከመቶው ጥቂት ጥቂት ይቀራል። ጅማ መርካቶ መግቢያ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ «ሲም አለ፣ ጥቅል አለ» የምትለው ልጅ የለበሰችው የኩባንያውን ቲሸርት ነው። ደመወዟን የሚከፍላት ግን ብዙ ጊዜ አከፋፋዩ ነው፤ ወይም ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ። አንዳንዷ ደመወዝ የሚባል ነገር አታውቅም። በሸጠችው ልክ ብቻ ነው የምታገኘው።

ልዩነቱ የሚታወቀው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ደመወዝ ሲዘገይ ወይም ያላግባብ ሲያሰናብቷችሁ ኩባንያው ጋ ብትሄዱ «የኛ ሠራተኛ አይደላችሁም» ነው መልሱ። እውነቱንም ነው። ውሉ ላይ የፈረመውና ማኅተሙን ያሳረፈው ሌላ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ሲሰጣችሁ ዓይናችሁ ከደመወዙ በፊት ርዕሱና የአሠሪው ስም ላይ ይረፍ።

ርዕሱ «የሥራ ውል» ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጎናችሁ ነው። በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ የለም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። በበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት ከሠራችሁ ሰዓቱ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ይህ የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ የስልክ ሱቅ ለዒድና ለመስቀል ዋዜማ ብቻ ሳይሆን በዕለቱም ሊከፈት ይችላል። ርዕሱ «የሽያጭ ወኪል ስምምነት» ከሆነ ግን ፈቃዱም፣ ትርፍ ሰዓቱም፣ ጡረታውም ላይኖር ይችላል። ወኪል ማለት ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ነውና። እርግጥ ስም ብቻውን አይወስንም። ሰዓታችሁን ቆጥሮ፣ ቦታችሁን ወስኖ፣ ደመወዝ ከፍሎ በትዕዛዙ የሚያሠራችሁ ከሆነ ወረቀቱ ወኪል ቢላችሁም ሠራተኛ ናችሁ ብሎ መከራከር ይቻላል። ግን ክርክር ክርክር ነው። ጠበቃ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይበላል።

ታርጌት እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ነው የማወጣቸው፤ አሠራሩ ግን የተለመደ ነው።

መነሻ ደመወዝ 4,000 ብር ነው እንበል። የወሩ ታርጌት፣ ማለትም መሸጥ ያለበት መጠን፣ 100 ሲም። ለእያንዳንዱ ሲም 30 ብር ኮሚሽን። እስከዚህ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ 100 ሲም ማለት 3,000 ብር ነው። ከታች ግን አንድ መስመር አለች፦ «ከታርጌቱ 70 በመቶ ላልደረሰ ኮሚሽን አይከፈልም።»

አንዷ 71 ሸጠች፤ 2,130 ብር አገኘች። ጓደኛዋ 68 ሸጠ፤ ባዶ እጁን ወጣ። የሦስት ሲም ልዩነት የአንድ ወር የቤት ኪራይ ሆነ። ወር ሊያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ሻጮች ለምን እንደሚያብዱ አሁን ይገባችኋል። የአክስት መታወቂያ ይፈለጋል። ባጃጅ ነጂ ይለመናል። አንዳንዱ ከራሱ ኪስ ገዝቶ በዘመድ ስም ያስመዘግባል።

ኩባንያዎቹ ደግሞ ሞኝ አይደሉም፤ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ሌላ ማጣሪያ ያስገባሉ። ሲሙ ከተሸጠ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካርድ ካልተሞላበት ወይም ካልተደወለበት ከሽያጭ አይቆጠርም። ከ71ዱ ሲም 20ው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል እንበል። የሚቆጠረው 51 ሆነ ማለት ነው። 51 ደግሞ ከ70 በታች ነው። ስለዚህ የሚቀረው የ20ው ሲም 600 ብር ብቻ ሳይሆን የወሩ ኮሚሽን በሙሉ ነው። ቀድሞ ተከፍሎ ከሆነ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይቆረጣል። አዲስ ገቢ ልጆች በጣም የሚናደዱት እዚህ ጋ ነው። «የሰጡኝን ብር ወሰዱብኝ» ይላሉ። ውሉ ላይ ግን አለ።

ከዚህ የሚወጣው ስሌት ቀላል ነው። ዴዶ ወይም ሸቤ አካባቢ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቀበሌ ለሚኖር ሰው «ይሠራል፣ ይሠራል» ብሎ ሲም መሸጥ ለደንበኛው ብቻ ሳይሆን ለሻጩም ኪሳራ ነው። ሲሙ ይተኛል፣ ኮሚሽኑ ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ሰውየው መጥቶ ይጮህባችኋል። «የት ነው የሚኖሩት? እዚያ የጎረቤት ስልክ በየትኛው መስመር ነው የሚሠራው?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ነው።

ሌላው የጅማ ጉዳይ ወቅት ነው። ታርጌቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ከተማዋ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለችም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፤ ገጠሩ እጅ ላይ ብር ይገባል። አዲስ ቀፎ የሚገዛው፣ ለሚስቱ ሲም የሚያወጣው፣ የሞባይል ገንዘብ የሚከፍተው ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲው አዲስ ተማሪ ሲቀበል ደግሞ የዳታ ጥቅል ገበያ ይደራል። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ የዚያ ቀን ግርግር ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ክረምት ላይ ግን የጅማ ዝናብ እንደምታውቁት ነው። ጃንጥላ ሥር የቆመ ሻጭ እንኳን ደንበኛ መንገደኛም አያይ። ብልህ ሻጭ ቡና ሲደርስ የሚያገኘውን ሁሉ አይበላም። ብልህ ሱፐርቫይዘር ደግሞ የሐምሌን ታርጌት ዝቅ እንዲያደርጉለት ከላይ ይሟገታል። የሁለተኛው ዓይነት ብዙ አይገኝም።

ኮሚሽን ደመወዝ አይደለም

ይህን ክፍል ብዙ ሰው አያውቀውም። አዋጅ 1156 ደመወዝ ምን እንደሆነ ሲናገር ኮሚሽንን፣ ቦነስንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥርም። ነገሩ የወረቀት ጨዋታ ይመስላል፤ መዘዙ ግን እውነተኛ ብር ነው።

መነሻዋ 4,000 የሆነች፣ በጥሩ ወር ከነኮሚሽኗ 8,000 የምታገኝ ልጅን እንውሰድ። ራሷን የምትቆጥረው ባለ 8,000 አድርጋ ነው። የትርፍ ሰዓቷ የሚሰላው ግን በ4,000ው ነው። ፈቃድ ወጥታ የሚከፈላት 4,000ው ነው። ብትሰናበት የሥራ ስንብት ክፍያዋ የሚታሰበውም በዚያው ነው። ጡረታም የሚቆረጠው ከመነሻ ደመወዙ ነው፦ ከሷ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ማለትም 280 ብር ከሷ፣ 440 ብር ከአሠሪው። ግብር ሲመጣ ግን ኮሚሽኑ አይረሳም፤ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ይታሰባል። የሥራ ግብር፣ ገቢ ከፍ ባለ ቁጥር መቶኛው እየጨመረ እስከ 35 የሚደርስ ስለሆነ ጥሩ የሸጣችሁበት ወር የተጣራው ብር ከጠበቃችሁት ያንሳል። ማንም አልሰረቃችሁም። ያው ስሌቱ ነው።

ስለዚህ አንዱ ቦታ 6,000 መነሻና ትንሽ ኮሚሽን፣ ሌላው 3,000 መነሻና «ሰማይ ጠቀስ» ኮሚሽን ቢያቀርቡላችሁ፣ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ምላሳቸው ጣፋጭ የሆነ፣ ሰው የማያፍሩ ልጆች ሁለተኛውን ቢመርጡ ግን አልፈርድባቸውም።

ጉድለት

የሞባይል ገንዘብ የሚሠራ ሱቅ ውስጥ ገንዘቡ በሁለት መልክ ነው ያለው። አንዱ መሳቢያ ውስጥ ያለው ጥሬ ብር ነው። ሌላው ስልኩ ውስጥ ያለው፣ በሱቆቹ ቋንቋ ፍሎት የሚባለው ነው። ሁለቱ እንደ ሚዛን ሳህኖች ናቸው። ደንበኛ ብር ሲያስገባ መሳቢያው ይከብዳል፣ ፍሎቱ ይቀላል። ሲያወጣ ተቃራኒው ነው። ድምሩ ግን አይለወጥም። ጠዋት 20,000 ጥሬ ብርና 30,000 ፍሎት ከነበረ፣ ቀኑን ሙሉ መቶ ሰው ቢያስተናግድም ማታ ሁለቱ ሲደመሩ 50,000 መምጣት አለበት። ኮሚሽኑ ለብቻው ይታያል።

ማታ ተቆጥሮ 33,400 ጥሬ ብር፣ 16,100 ፍሎት ተገኘ እንበል። 49,500። አምስት መቶ ብር የለም። የት ገባ? ብዙ ጊዜ ሌባ የለም። አንድ ሰው 1,000 ሰጥቶ 1,500 ተልኮለታል። ወይም ኖቶች ተጣብቀው በትርፍ ተሰጥተዋል። ወይም ስልክ ቁጥር ሲነበብ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ብሩ ለማያውቁት ሰው ሄዷል፤ ለትክክለኛው ሰውም ድጋሚ ተልኳል። ለዚህ መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፦ ቁጥሩን መልሶ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከመላክ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን የተቀባይ ስም ለደንበኛው መናገር፣ ብሩን ደንበኛው ፊት ሁለት ጊዜ መቁጠር። እኩለ ቀን ላይም አንድ ጊዜ ሂሳብ መዝጋት። ከጠዋት እስከ ቀትር ያለን ስህተት መፈለግና የሙሉ ቀንን ስህተት መፈለግ አንድ አይደለም።

የቡና ወቅት ለዚህ ሥራ ልዩ ፈተና ነው። ሰው ሁሉ ብር አውጪ ይሆናል። ከምሳ በፊት መሳቢያው ባዶ ይሆንና «ካሽ የለም» ማለት ይጀመራል። ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም አይመለስም። ስለዚህ አንድ ሰው በየሰዓቱ ባንክ ይመላለሳል። በፌስታል ብር ይዞ ባጃጅ መሳፈር የማን ኃላፊነት እንደሆነ ጠይቁ። መንገድ ላይ ቢነጠቅስ? ይህ ውሉ ላይ ካልተጻፈ መልሱ «አንተ ነበርክ የያዝከው» የሚል ይሆናል።

አጭበርባሪም አለ። የሚወዱት ዘዴ ሐሰተኛ መልእክት ነው። ቀፎ ገዝቶ «ላኩልህ እኮ፣ ይኸው» ብሎ ስክሪንሾት ያሳያል። ወይም ራሱ ጽፎ የላከውን፣ ከኩባንያው የመጣ የሚመስል መልእክት። ሕጉ አንድ ነው። የደንበኛው ስልክ ላይ ያለውን አትመኑ። የራሳችሁን ቀሪ ሂሳብ እዩ። ቀሪው ካልጨመረ ብር አልገባም፤ ሰውየው ምንም ያህል ቢቆጣ፣ ምንም ያህል «ንቀት ነው» ቢል።

እንግዲህ ጎድሏል። ማነው የሚከፍለው? በልማድ መልሱ «ሻጩ» ነው። በሕግ ግን እንዲሁ በደፈናው አይደለም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። መቁረጥ ቢችልም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይቆርጥም። በ4,000 ብር ደመወዝ ይህ 1,333 ብር ነው። ከፈረማችኋቸው ወረቀቶች መካከል «ለሚደርስ ጉድለት ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» የሚል ሊኖር ይችላል፤ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ደግሞም ይህ የሢሶው ገደብ የሚናገረው ስለ ደመወዝ ነው። ኮሚሽን ደመወዝ አይደለም ብለናል። ስለዚህ አንዳንድ አሠሪ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ኮሚሽኑ ላይ ነው።

ከዚያ ደግሞ ዋሱ አለ። ገንዘብ የሚነካ ሥራ ያለ ዋስ አይገኝም። ዋስ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ቋሚ ደመወዝ ያለው አጎት ወይም የጎረቤት መምህር ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ፣ ለይሉኝታ ሲል የሚፈርም። እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 መታወቅ አለበት። ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ጣሪያ በግልጽ ካልተጻፈ የዋስትናው ውል አይጸናም ይላል። ወረቀቱ ላይ «እስከ ይህን ያህል ብር» የሚል ቁጥር ይኑር፣ ቁጥሩም ከምትይዙት ገንዘብ ጋር ይመጣጠን። በቀን 50,000 ብር ለምታንቀሳቅስ ልጅ የ500,000 ብር ዋስ መጠየቅ ምን ይባላል? አጎት ያለውን ነገር ሁሉ አስይዙ ከማለት አይተናነስም።

የሚስጥር ቁጥርና የሰው ሲም

ሐሙስ ነው፣ ቀትር ላይ። ከሰርቦ በኩል የመጡ እናት ከመቀነታቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ያወጣሉ። የጀርባው ክዳን በላስቲክ ታስሯል። አዲስ አበባ ያለ ልጃቸው ብር ልኮላቸዋል። ስልኩን በመስኮቱ አሳልፈው ይሰጡና የሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ይናገራሉ። ስድስቱንም አኃዝ። ከኋላቸው ስድስት ሰው ተሰልፏል።

«ኧረ አዴ! ለኔም ቢሆን አይንገሩኝ» ይላል ልጁ።

«አንተ ልጄ አይደለህ? ዓይኔ አያይልኝም፤ አንተው ንካው።»

ነክቶ ቢገላገል ሠላሳ ሰከንድ ነው። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ከሂሳባቸው ብር ቢጠፋ የሚያስታውሱት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የነገሩት ልጅ። ስለዚህ ጎበዝ ሻጭ ስልኩን መልሶ ይሰጣቸዋል። የቴሌብሩን *127# ይደውልላቸውና ቋንቋውን ወደ አፋን ኦሮሞ ያዞርላቸዋል። «አሁን ይጫኑ፣ እኔ ዞር እላለሁ» ይላል። ብሩ ከወጣ በኋላም ሁሉ ሰው የሰማውን ቁጥር እንዲቀይሩ ይረዳቸዋል። አራት አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሰልፉ ያጉረመርማል። ያ ደቂቃ ታርጌት ውስጥ አይገባም፣ ኮሚሽንም የለውም። በኔ እምነት ግን ይህ ሥራ ሲነሳ ሙያ ሊባል የሚገባው እሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን የጠፋ ሲም መተካት ነው። ድሮ ሲም የጠፋበት ሰው የሚያጣው ቁጥሩን ነበር። ዛሬ በዚያ ቁጥር ላይ የሞባይል ገንዘብ አለ። ባንክ የሚልከው የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው እዚያው ነው። ስለዚህ የሰውን ሲም «ባለቤቱ ነኝ» ብሎ አስተክቶ የወጣ አጭበርባሪ የሰውየውን ኪስ ይዞ እንደወጣ ቁጠሩት። መታወቂያውን በዓይን ሳያዩ፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር ሳያስተያዩ፣ በቅርቡ የደወለባቸውን ቁጥሮች ሳይጠይቁ መተካት አይገባም። «የአለቃ ዘመድ ነው፣ ቶሎ ሥራለት» ሲባልም እንደዚያው።

ሲስተሙ ላይ የሚቀረው ያስተካው አለቃ ስም አይደለም፤ የሻጩ ዩዘር፣ ማለትም ሲስተሙ ውስጥ የሚገባበት መለያ ነው። ሱቆች ውስጥ የማይወደድ ልማድ አለ። የአንዱ ዩዘር ሲቆለፍ «ያንተን አውሰኝ» ይባባላሉ። ሰልፍ አለ፣ ደንበኛ ይጮሃል፣ ይሰጣል። በዚያ ዩዘር የተሠራ ሁሉ ግን በባለቤቱ ስም ይመዘገባል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀልን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 761/2004 አለ። በሰው መታወቂያ ሲም ማውጣት ያን ያህል ቀላል ጥፋት አይደለም፤ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይቆም ይችላል።

መታወቂያ ካነሳን አይቀር፦ የደንበኛን መታወቂያ በግል ስልክ ፎቶ አንስቶ ጋለሪ ውስጥ ማስቀመጥ ይቅር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ለኩባንያው ሲስተም የሚያስፈልገውን በኩባንያው መሣሪያ ማንሳት ነው እንጂ የሰው ፋይዳ መታወቂያና የሰው ፊት በሻጭ ስልክ ውስጥ ምን ይሠራል? ስልኩ የተሰረቀ ዕለት ማን ይጠየቃል?

ስድብ

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሰደበው ሻጩ ነው። መብራት ሄዶ የማማው ባትሪ ሲያልቅም፣ ጥቅል ሳይታወቅ ሲያልቅም እንዲሁ። መስኮቱ ላይ ያለ ፊት የሱ ነዋ። ለኩባንያዎቹ የደንበኞች አገልግሎት 994 ወይም 700 ደውለው የሰለቹ ሰዎች ወደ እሱ ይመጣሉ። አብዛኛውን ነገር እሱ ማስተካከል አይችልም። ማድረግ የሚችለው ማድመጥ፣ መዝግቦ ወደሚመለከተው ማስተላለፍና ያልሆነ ተስፋ አለመስጠት ነው። «እስከ ማታ ይስተካከላል» ያለ ሻጭ ማታ ይጠበቃል።

ቋንቋ ግን ብዙ ያበርዳል። ከገጠር የመጣ ሰው በአፋን ኦሮሞ «አካም ጅርታ፣ ኦቦ» ሲባል ግማሽ ንዴቱ ይወርዳል። ማስታወቂያው ሁለቱንም ቋንቋ የሚጠይቀው ለጌጥ አይደለም። አንድ ሰው የጥቅል ሕግ፣ የብድር ወለድ ወይም የሚስጥር ቁጥር ጉዳይ የሚገባው በአፍ መፍቻው ነው። ባልገባው ነገር ከተስማማ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ደግሞ ለሰላምታ አይደለም።

ሲወጡ

ይህ ሥራ ብዙ ሰው ለሁለትና ሦስት ዓመት የሚሠራው ነው። ከዚያ ባንክ ይገባል፣ ሱፐርቫይዘር ይሆናል፣ ወይም የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ስለዚህ አወጣጡንም ማወቅ ደግ ነው። የተረከባችሁትን ሲም፣ ቀፎና ታብሌት በቁጥር አስረክባችሁ የፈረመበትን ወረቀት ኮፒ ያዙ። ዩዘራችሁ የተዘጋበትን ቀን የሚገልጽ ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቢያንስ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም። ከወጣችሁ በኋላ በስማችሁ ሲም ሲመዘገብ ቢከርም ማስረጃ ይኖራችኋል። የዋሱን ወረቀትም አትርሱ። አጎት ከዋስትናው መሰረዛቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ካልተሰጣቸው እናንተ ባንክ ገብታችሁ እሳቸው አሁንም ለስልክ ሱቁ ዋስ ናቸው።

የሥራ ልምድ ማስረጃ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሥራውን ዓይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና የደመወዙን መጠን ይጻፍበት። የሚሰጠው በውሉ ላይ ያለው አሠሪ ነው፤ አከፋፋይ ከነበረ በአከፋፋዩ ስም ይመጣል። ያኔ ሲቪ ላይ የኩባንያውን ስም በትልቁ ጽፎ የአከፋፋይ ደብዳቤ ማያያዝ ቃለ መጠይቅ ላይ ያጋልጣል። «በእገሌ አከፋፋይ ሥር፣ የእገሌ ኩባንያ ምርት ሻጭ» ብላችሁ ጻፉት።